ከክዳኑ ሥር የደበቅኩት ሽቦ

«አንቺ እዚህ ቤት እጅ ነሽ እንጂ ተማሪ አይደለሽም፤» አለኝ ክፍሉን የሚመራው ዶክተር፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። በዐረብኛ ነው ያለው፤ በአማርኛ ስጽፈው ትንሽ ለዘብ ይላል። አጠገቤ የነበሩት ተማሪዎች ኮምፒውተራቸው ላይ አቀረቀሩ።

የጠየቅሁት ቀላል ነገር ነበር። በዓደን ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ፋካልቲ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስልክ እየሠራን ነበር። መጠገን አላልኩም፤ መሥራት። ዩኒቨርሲቲው ክፍሉንና መሣሪያውን ሰጠ። ፊታቸውን አይተን የማናውቃቸው በጎ ፈቃደኞች ከየሀገሩ በኢንተርኔት ንድፉን ያያሉ፣ ይተቻሉ፣ ያርማሉ። አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ቦርዱን በማሽኑ ያትምልናል። ንድፉ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ አውርዶ ይሠራዋል፣ ሲበላሽም በአንድ ካቻቢቴ ፈትቶ ይጠግነዋል። ደንቡ እጁን ያስገባ ሁሉ ስሙ በንድፉ የፊት ገጽ ላይ ይጻፋል ይላል። እኔ እጄን ካስገባሁ አራት ወር አልፎኛል፤ ስሜ ግን የለም። ለምን የለም ብዬ ጠየቅሁ፤ መልሱ ይኸው ነበር።

«እጅ ስም የለውም እንዴ?» አልኩት።

ንድፉን የሣለችው ልጅ ሳቋን አፈነች። የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ስልኩ የመመረቂያ ሥራዋ ነው። ጉሮሮዋን ጠረገችና «ዶክተር፣ ደንቡ የተማረ አይልም፤ የሠራ ነው የሚለው፤» አለችው።

ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። በዚያ ሙቀት መነጽር የሚያደርግ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጠርግ ነው የሚውለው። «ከውጭ የሚመጡት አምስት ቦርዶች በሙከራው ቀን ከሠሩ ስሟ ይገባል። ካልሠሩ አይገባም። ኸላስ።»

ያን ስም ፈልጌው ነበር፤ አልዋሽም። አባቴ ኮምቦልቻ የተወለደ የመናዊ ነው፣ አላህ ይርሐመው፤ እናቴ የወሎ ሰው ናት። ዓደን ውስጥ እንደኔ ያለችውን ሙወለዳ ይሏታል፤ የተዳቀለች ማለት ነው። ሁለተኛ ደረጃን ጥሩ ውጤት አምጥቼ ጨረስኩ፤ አባቴ የሞተው በዚያው ክረምት ነው፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። ወረቀት የጠየቅሁበት ቢሮ ሁሉ «እናትሽ ከየት ናት?» ይለኛል። ያ የፊት ገጽ ግን ይህን አይጠይቅም። ስምሽንና የሠራሽውን ብቻ ነው የሚጽፈው።

የሠራሁት ደግሞ ብየዳ ብቻ አይደለም። ስልኩ ጎን ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች፤ ስትገፊያት ማይኩና ካሜራው ከባትሪው ይለያያሉ። በሶፍትዌር አይደለም፤ በሽቦ። ያቺ ቁልፍ የእኔ ሐሳብ ናት። በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የወሎ ልጅ ስልኳን ይዛ መጥታ «እህቴ፣ ማይኩን ንቀይልኝ፤ ማዳሜ ልጇን ስልኬ ላይ የሆነ ነገር አስጭናለች፣ ከእናቴ ጋር ሳወራ ትሰማኛለች፤» ስትለኝ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ማይኩን ብነቅል ከእናቷ ጋር በምን ታወራለች?

የምሠራው ሼክ ዑስማን ሠፈር፣ ከመጋረጃ በስተጀርባ ያለ የሴቶች ስልክ መጠገኛ ውስጥ ነው። እዚህ ሴት ስልኳን ለወንድ ጠጋኝ መስጠት አትወድም፤ ፎቶዋ አለበት፣ ፀጉሯ አለበት፣ የእህቷ ሠርግ አለበት። የሱቁ ባለቤት ደሴ ያደገች ሙወለዳ ናት። ኻላ እላታለሁ፤ አክስቴ እንደማለት ነው እንጂ ዘመዴ አይደለችም። የኻላ ደንብ ሁለት ነው። ስልክ የሚከፈተው ባለቤቷ እያየች ነው። ምን ሆኖ እንደነበርና እንዴት እንደተጠገነ ደግሞ ለማንም አይነገርም፤ ለባለቤቷም ቢሆን።

«ስልኳን የምትሰጥሽ እንድትጠግኚላት ነው፤ ታሪኩን እንድትተርኪላት አይደለም፤» ትለኛለች። «ያቺ ከማዶ ያለችው ጠጋኝ በኛ ወሬ ነው የምትኖረው። ዛሬ አፍሽን ከከፈትሽ ነገ እሷም ትሠራዋለች።»

ስለዚህ በእኛ ቤት ጎበዝ ጠጋኝ ማለት ጥገናዋ የማይታይ ማለት ነው። የዓደን አየር ጨው አለበት፤ መዳብ ይበላል። የቦርዱ መስመር ሲበላ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ ወስደሽ፣ ጃምፐር እንላታለን፣ ከተበጠሰው ወዲህና ወዲያ በይደሽ ታገናኚያለሽ። የብረት ክዳኑን መልሰሽ ትደፊበታለሽ። ማንም አያውቅም። በዚህ ሥራ ኻላን በልጫታለሁ። ራሷ ናት ያለችው፤ ወዲያው ደግሞ «ምላስሽንም እንዲህ አሳምረሽ በበየድሽው፤» አለችኝ።

ንድፍ ሣይዋም የተዋወቀችኝ እዚያው ነው፤ ስልኳን ልታስጠግን መጥታ። ስበይድ አጎንብሳ ስታይ ቆየችና «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ እጅሽ አይንቀጠቀጥም?» አለችኝ።

«ሲርበኝ ብቻ።»

በሳምንቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ።

አምስቱ ቦርዶች በካርቶን ታሽገው መጡ። ባዶ ናቸው፤ ዕቃውን እየደረደርን የምንበይደው እኛ ነን፤ እኛ ማለት እኔ። የመጀመሪያውን ጨርሼ ባትሪ አገናኘሁ። ስክሪኑ በራ። ሲም አስገባሁ፤ አያነብም። ብቻዬን ነበርኩ፤ ተማሪዎቹ ዙህር ሊሰግዱ ወርደዋል። ቴስተሩን አወጣሁ። ከሲም ማስገቢያው ወደ ዋናው ቺፕ ከሚሄዱት መስመሮች አንዱ ላይ ቴስተሩ አይጮኽም። ተቆርጧል። እጄ አላመነታም፤ ጃምፐር፣ የብየዳ ሊድ፣ ክዳን። ከስግደት ሲመለሱ ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይጮኽ ነበር።

ክፍሉ ተናወጠ። «እጇ በረካ አለው!» ይላል አንዱ፤ «ንድፉ ንጹህ ነው፣ ወላሂ ንጹህ ነው፤» ይላል ሌላው። ንድፍ ሣይዋ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ዶክተሩ እንኳ ከበሩ ላይ ሆኖ ማሻአላህ አለ።

ሁለተኛው ቦርድም ሲም አላነበበም። እዚያው ቦታ ላይ።

ጠጋኝ የሚያውቀው ትናንት ይሠራ የነበረ ስልክ ነው። እጃችን ላይ የሚደርሰው ሁሉ አንድ ቀን ጤነኛ ነበር፤ ከዚያ ወደቀ፣ ውኃ ገባበት፣ ጨው በላው። የእኛ ሥራ ወደ ነበረበት መመለስ ነው። ከተወለደ ጀምሮ የጎደለው ስልክ አጋጥሞን አያውቅም። ስለዚህ ሁለተኛውንም «መንገድ ላይ ተጎድቶ ነው» ብዬ ለመጠገን ጎንበስ አልኩ። መስመሩ የተቆረጠ ሳይሆን ከነጭራሹ ያልተሣለ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ሦስተኛው ላይ ቦታ አገኘ። ክዳኑን ይዤ ቆምኩ። ሦስት ቦርድ፣ አንድ ቦታ። ጨው እንዲህ አይመርጥም። ያኔውኑ ተነስቼ «ንድፉ ላይ መስመር ጎድሏል» ማለት ነበረብኝ፤ ንድፍ ሣይዋ ሦስት እርምጃ ርቃ ሻይ እየጠጣች ነበር። ክዳኑን ደፋሁት። አራተኛውንም አምስተኛውንም እንዲሁ። አምስቱም ጠሩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንቅልፍ የሚሉትን ነገር በደንብ አላገኘሁትም። የሚታተመው አምስት ብቻ አይደለማ። ሙከራው ባለፈ ዕለት ንድፉ ወደ ውጭው ዩኒቨርሲቲ ይላካል፤ በማግስቱ ማሽናቸው አርባ ቦርድ ያትማል፤ ተራችን ካለፈ ደግሞ በዚህ ዓመት ሌላ ተራ የለም። አርባው ስልክ ለሰው ቤት ሠራተኞችና ለፉቁም መንደር ዓሣ አጥማጆች የሚታደል ነው። ንድፉ እንዳለ ከሄደ አርባውም ሲም አያነብም።

ለኻላ ነገርኳት። በቀጥታ አይደለም፤ ዞር ዞር ብዬ።

«ኻላ፣ ስልክ ከፋብሪካ ተሳስቶ ቢወጣስ?»

«እኛን ምን ገዶን? ይመጣልናል፣ እንጠግናለን።»

«አርባ ቢሆንስ? አርባውም አንድ ዓይነት?»

«አልሐምዱሊላህ እላለኋ!» ሳቀች። ከዚያ ፊቴን አየችና ካቻቢቴዋን አስቀመጠች። «ምን ሠርተሽ ነው?»

ዘረገፍኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ከአንቺ ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«አንድም።»

«እንግዲያው አርባውም ወዳንቺ ነው የሚመጣው። እንጀራ ነው፣ አንቺ ጅል።»

«በነጻ የሚታደል ነው፣ ኻላ። መጀመሪያ ሲከፍቱት እምቢ ካላቸው ይወረውሩታል እንጂ ማን ለጥገና ያመጣል?»

«ታዲያ ንገሪያቸው።»

«ስሜ ይቀራል።»

«ታዲያ አትንገሪያቸው።» ብድግ ብላ ለመጣች ደንበኛ መጋረጃውን ገለጠች። «ሁለቱንም ብዬሻለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ? ይቺን ሴትዮ ግን አታስጠብቂያት።»

የሙከራው ዕለት ባሱ የአል-ሒስዋን ረግረግ ሲያልፍ በልቤ ቃላት እየደረደርኩ ነበር። «ዶክተር፣ አንድ ነገር አለ» ብዬ እጀምራለሁ። አይሆንም። «ዶክተር፣ ተሳስቻለሁ።» ይሄም አይሆንም፤ አልተሳሳትኩም፤ ደብቄያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጮክ ብዬ አውርቼ ነው መሰለኝ ዘወር ብላ አየችኝ።

መብራት የሚኖረው ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን። ክፍሉ እንደ ሐማም ይፋጃል። አምስቱ ስልኮች በመደዳ ተቀምጠዋል፤ ዶክተሩ በገዛ ስልኩ በተራ በተራ ይደውላል። አንደኛው ጠራ። ሁለተኛው ጠራ። ሦስተኛው ሲጠራ ተማሪዎቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። አምስተኛው ላይ ዶክተሩ ስልኩን ዘግቶ ወደ ንድፍ ሣይዋ ዞረ።

«ስሟን ጨምሪ።»

ጻፈችው። ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው፤ ጥርሷ ሁሉ ይስቃል። ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ ከጎኑ «የማይክና ካሜራ ቁልፍ፣ ብየዳ» ይላል። እንደዚያ ተጽፎ አይቼው አላውቅም። ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ያኔ ነው ከታች መልእክት ብቅ ያለው። ከማናውቃቸው በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነው። «ከሲሙ የሚወጣውን አንዱን መስመር ንድፉ ላይ ላገኘው አልቻልኩም። በእውነተኛው ቦርድ ላይ ተለክቷል?»

«ይሄ ሰውዬ ደግሞ መጨረሻ ሰዓት ላይ ነው የሚነቃው፤» አለች ንድፍ ሣይዋ። እየጻፈች ጮክ ብላ ታነበዋለች፤ «አዎን፣ አምስቱም ላይ ይሠራል...»

«አይሠራም፤» አልኩ።

«ምን አይሠራም?»

«መስመሩ የለም። ንድፉ ላይ ጎድሏል። አምስቱም ላይ በጃምፐር ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ክዳኑ ሥር ነው።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ዶክተሩ አልሳቀም። የመጀመሪያውን ስልክ አንስቶ ፊቴ አስቀመጠው። «ክፈቺው።»

በሞቃት አየር መንፊያው ክዳኑን አነሳሁት። ሱቃችን ውስጥ ስልክ ስንከፍት ባለቤቷ እያየች ነው፤ ባለቤቷን ግን እንደዚያ ቀን ፈርቻት አላውቅም። ንድፍ ሣይዋ በማጉያ መነጽሩ ላይ አጎነበሰች። ሽቦዋ ቁጭ ብላለች፤ የቦርዱን ጠርዝ ተከትላ፣ ቀጥ ያለች፣ የተዋበች።

«አምስቱም?» አለች ቀና ሳትል።

«አምስቱም።»

«ንድፍሽ ንጹህ ነው ሲሉኝ አጠገቤ ቆመሽ ነበር። ስንት ጊዜ?»

«አልቆጠርኩም።»

«እኔ ቆጥሬያለሁ፣ ያ ኡኽቲ።»

ዶክተሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሦስተኛው ላይ።»

«ታዲያ ምን ጠብቀሽ ነው?»

«ስሜን።»

«የተናገርሽውም ከተጻፈ በኋላ ነው። ይሄን ልብ ብለሻል?»

«ብያለሁ።»

ሰዓቱን አየ። መብራቱ ሊሄድ የቀረው አንድ ሰዓት አይሞላም። ንድፍ ሣይዋ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ንድፉን ከፍታለች፤ የጎደለውን መስመር ለመሣል ትሞክራለች። አያልፍም። በዚህ ስትመጣ ቺፕ፣ በዚያ ስትመጣ ሌላ መስመር። ሦስት ጊዜ ሠርታ ሦስት ጊዜ ደመሰሰች።

«ያቺ ቁልፍ ናት የዘጋችው፤» አለ ዶክተሩ በትከሻዋ ላይ ሆኖ። «ቁልፏን አውጪያት፤ መስመሩ በእሷ ቦታ ያልፋል።»

«ቁልፏ አትወጣም፤» አልኩ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። ስሜን አውጡት፤ ቁልፏን አታውጡ። ቁልፏ ከወጣች ስልኩ ሱቅ ከሚሸጠው በምን ይለያል? ያቺ ማዳሟ የምትሰማት ልጅ ይሄን ይዛ ምን ታደርጋለች?»

«አርባ የሞተ ስልክ ከቁልፉ ጋር ይሻላል?»

«አይሻልም። ግን መስመር ማሳለፊያ አለ። አምስት ጊዜ አሳልፌዋለሁ።»

ንድፍ ሣይዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ላይ ፍቅር አልነበረም። «ሽቦሽ በየት በየት እንደሄደች አሳዪኝ፤» አለች።

ማጉያውን ስክሪኑ አጠገብ አስጠጋሁ። እኔ ቦርዱ ላይ በመርፌ ጫፍ አሳያታለሁ፤ እሷ ትሥላለች። ከሲሙ ወደ ጠርዝ፣ ጠርዙን ይዛ፣ ከቁልፏ በታች ዞራ፣ ወደ ቺፑ። «እዚህ ጋ ስንት ክፍተት አለ?» ትላለች። «ፀጉር ያህል።» «ፀጉር መለኪያ አይደለም!» ተንጠራርቼ በመለኪያው ለክቼ ነገርኳት። ዶክተሩ ከኋላችን ይንጎራደዳል። ጨርሳ ንድፉን የሚፈትሸውን ፕሮግራም አስኬደች። ስህተት የለም አለ። ሁለተኛ አስኬደችው። የለም።

ለዚያ ለሩቁ ሰውዬ ጻፈችለት፤ «ልክ ነህ፣ ጎድሎ ነበር፤ አሁን ተሥሏል፤ እባክህ እየው።» ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መልስ መጣ፤ «አሁን ይታየኛል።» ይኸው ነው፤ አላመሰገነም፣ አልወቀሰም።

«የፊት ገጹን አስተካክይ፤» አለ ዶክተሩ። «ስሟ ይውጣ።»

እጇ ቆመ። «ደንቡ እጁን ያስገባ ሁሉ ነው የሚለው፣ ዶክተር።»

«እጁን ያስገባ። ከክዳን ሥር ያስገባ አይልም።»

«ቁልፏስ የማን ናት ብዬ ልጻፍ?»

«የክፍሉ ብለሽ ጻፊ።»

እኔን አየችኝ። እሺ እንድል ይሁን እንድጮህ አላውቅም። ለመጮህ ተነስቼ ነበር፤ ሳር ቤት እንደገባ እሳት የምንበለበል ሰው ነኝ፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። ግን መብራቱ ሊሄድ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

«አውጪው፤» አልኳት።

ደመሰሰችው። ከዚያ ሌላ ገጽ ከፈተች። ንድፉ ላይ የተገኘ ስህተት ሁሉ፣ ማን እንዴት እንዳገኘው፣ ማንም እንዲያነበው የሚጻፍበት ገጽ ነው፤ ያለ እሱ ፋይሉ አይላክም። ኪቦርዱን ወደኔ ገፋችው። «ይሄን እኔ አልጽፍልሽም።»

ጻፍኩ። «የሲሙ አንድ መስመር ንድፉ ላይ አልነበረም። በመጀመሪያው ቦርድ ላይ አገኘሁት፤ የተቆረጠ መስሎኝ በሽቦ አገናኘሁት። ሦስተኛው ላይ የተቆረጠ እንዳልሆነ ገባኝ፤ አልተናገርኩም። አምስቱም የሠሩት በሽቦ ነው።» ከሥሩ ስሜን ጻፍኩ። ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ አነበበው፤ እጁን ወደ ኪቦርዱ ሰደደ፣ መልሶ ሰበሰበው። «ላኪው፤» አላት።

ፋይሉ መላክ በጀመረ በሦስተኛው ደቂቃ መብራቱ ሄደ። ማራገቢያው ቀስ እያለ ቆመ። ንድፍ ሣይዋ የራሷን ስልክ አውጥታ ኢንተርኔቱን ከእሱ አገናኘች፤ ላፕቶፑ በባትሪ ነው። የተላከውን የሚያሳየው ቁጥር ከመቶ አሥራ አንድ ላይ ቆሞ ነበር። አሥራ ሁለት አለ። ተማሪዎቹ ዙሪያውን ከበው ቆሙ፤ ላባቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ለእኔ የሚሆን ክፍተት አልነበረም። ከጀርባቸው ሆኜ በትከሻ መሐል አየሁ፤ አሥራ አራት።

«ከእንግዲህ ብቻሽን ቦርድ አትነኪም፤» አለ ዶክተሩ ወደኔ ሳይዞር። «ከመጣሽ።»

የብየዳ ካውያዬ ቀዝቅዞ ነበር። በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት፤ ቴስተሩንም እንዲሁ። አባያዬን ለበስኩ። ሦስቱን ፎቅ በጨለማው ደረጃ ግድግዳውን እየዳበስኩ ወረድኩ። ግቢው በር ላይ ለሼክ ዑስማን የሚጭን ባስ ቆሞ ነበር፤ ረዳቱ «ነፈር ዋሒድ! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። ተሳፈርኩ።